የትኛው ነቀርሳ?

ልጅቷ 26 ዓመቷ ነው። ሆዷ ተነፍቶ፣ ፊቷና ክንዷ ግን ከስቶ መጣች። አባቷ ደግፈው አስገቧት። ሁለት ወር ጠበል ቆይተዋል።

ያኔ የማህፀንና ጽንስ ሬዚደንት ነበርኩ። አልትራሳውንዱ ሆዷ ውኃ መቋጠሩን አሳየ። እንቁላል እጢዋ አካባቢም እብጠት አለ። ሲኤ 125 የሚባለው የደም ምርመራ ከ500 በላይ ሆነ፤ ጤናማው ከ35 በታች ነው። ሳል የላትም፣ የደረት ራጇም ንጹህ ነው። ካርዷ ላይ "የተሰራጨ የእንቁላል እጢ ካንሰር" ብዬ ጻፍኩ። የጥያቄ ምልክት እንኳ አላስከተልኩበትም።

አባትየውን ለብቻ ጠርቼ "ነቀርሳ ነው፣ ተሰራጭቷል" አልኳቸው። ዝም አሉ። ከሦስት ቀን በኋላ የእርሻ በሬያቸውን ሸጠው፣ ለቀዶ ሕክምናው ብር ይዘው መጡ።

ራውንድ ላይ ሲኒየራችን ካርዱን አገላብጠው "ማታ ያልባታል?" አሉ። አልጠየቅኳትም ነበር። ለካ ጋቢዋ እስኪርስ ያልባታል። አብሯት የሚኖረው አጎቷም ዓምና የቲቢ መድኃኒት ጨርሷል። "ሲኤ 125 እኮ የሆድ ዕቃ ሽፋን በተቆጣ ቁጥር ይወጣል። ካንሰር ብቻ አይደለም የሚያስወጣው" አሉኝ። አፈርኩ።

ከሆዷ የተቀዳው ውኃ ፕሮቲኑ ከፍተኛ ነው፤ ከነጭ የደም ሕዋሳቱ የሚበዛው ሊምፎሳይት የሚባለው ዓይነት ነው፤ ይኼ ቲቢን ያስጠረጥራል። የካንሰር ሕዋስ አልተገኘበትም። የቲቢ ባክቴሪያን ዘረመል የሚፈልገው ጂን ኤክስፐርት የተባለው ምርመራ ግን ቲቢ የለም አለ። ይኼም ቢሆን ብዙ አያሳርፍም፤ ሆድ ውስጥ የተቋጠረ ውኃ ላይ ባክቴሪያው በጣም ጥቂት ስለሆነ ያመልጠዋል። ስለዚህ ትልቁ ቀዶ ሕክምና ቀርቶ፣ በትንሽ ቀዳዳ በሚገባ ካሜራ፣ በላፓሮስኮፕ፣ ናሙና እንዲወሰድ ተወሰነ።

የገባሁበት ቀን አይረሳኝም። የሆድ ዕቃዋ ሽፋን ላይ ጤፍ የተዘራበት ይመስላል፤ ነጫጭ፣ ድቅቅ ያሉ ፍሬዎች። ካንሰርም እንዲህ ሆኖ ሊታይ ይችላል። በዓይኔ እያየሁ እንኳ መለየት አልቻልኩም። የለየው ናሙናውን በማይክሮስኮፕ ያየው ፓቶሎጂ ነው፤ ግራኑሎማ የሚባል የሕዋሳት ጥርቅም፣ መሃሉ እንደ አይብ የሞተ። የሆድ ቲቢ።

አባትየውን ጠራኋቸው። "ቲቢ ነው" አልኩ።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ሳንባ ነቀርሳ የሚባለው ነው። እሷን ሆዷ ላይ ነው የያዛት።"

"ያው ነቀርሳ ነው አላልከኝም እንዴ ልጄ?"

ላብ አሰመጠኝ። "ያኔ ካንሰር ማለቴ ነበር። ይኼኛው በስድስት ወር መድኃኒት ይድናል። መድኃኒቱም በነጻ ነው።"

"በነጻ?"

"በነጻ።"

ቀና ብለው አዩኝ። "ታዲያ በሬዬን ምን አሸጠኝ?"