ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ20

አብራሪ ሆኖ የደም ግፊት ምርመራን መፍራት እንደማያዋጣ አውቃለሁ፤ ፍርሃቱ ራሱ ግፊቱን ይሰቅለዋልና። ሆኖም የአንደኛ ደረጃ የጤና ማረጋገጫዬን ለማሳደስ በየ12 ወሩ ስቀርብ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ክንዴ ላይ ጨርቅ መጠቅለል ሲጀምር፣ በሞተር ብልሽት ልምምድ ጊዜ እንኳ ደንግጦ የማያውቀው ልቤ ይደነግጣል። ዘንድሮ ደግሞ በገዛ እጄ አባባስሁት። የሽንት ናሙና እንደምጠየቅ ስለማውቅ ሁለት ጠርሙስ ውሃ ጠጥቼ ከቱሉ ዲምቱ ተነሣሁ፤ በዚያ ሁሉ የመንገድ መጨናነቅ ይዤው ቆይቼ፣ ደረጃውን ሮጬ ወጥቼ፣ እግሬን አነባብሬ ተቀመጥሁና ስለ መንገዱ ማማረር ጀመርሁ። የሞላ ፊኛም፣ የተነባበረ እግርም፣ ወሬም ቁጥሩን ከፍ እንደሚያደርጉ ነርሷ ነገረችኝ፤ የነገረችኝ ግን ከለካች በኋላ ነው። 172 በ101! የአሜሪካ የአቪዬሽን የጤና መመሪያ ወሰኑን 155 በ95፣ የአውሮፓው ደግሞ 160 በ95 አድርጎታል፤ እኔ ከወንበሬ ሳልነሣ ሁለቱንም አልፌያቸዋለሁ።

ከሽንት ቤት ስመለስ 158 በ96 ወረደ። ሐኪሙ ጥቂት አሰቡና፣ «ይህ የነጭ ጋዋን ግፊት ሳይሆን አይቀርም፤ ለማንኛውም ክንድህ ላይ ውሎ የሚያድር መለኪያ እናስርልህ» አሉኝ። መሣሪያው ቀን በየ20 ደቂቃው፣ ሌሊት በየሰዓቱ ራሱን እየነፋ ይለካል፤ በሚለካበት ጊዜ ክንድን ማንቀሳቀስም ሆነ መናገር አይፈቀድም። የቀኑ አማካይ ከ135 በ85 በታች ከሆነ እሰየው፤ ከበለጠ ግን መድኃኒት እጀምራለሁ፣ መድኃኒቱ እንደተስማማኝ እስኪታይም ከበረራ እታገዳለሁ። በተለካሁ ቁጥር ምን እየሠራሁ እንደነበር የምጽፍበት ቅጽም ተሰጠኝ።

የመጀመሪያው ፈተና የገጠመኝ ከቃሊቲ በተሳፈርሁበት ሚኒባስ ውስጥ ነበር። ረዳቱ «ሒሳብ!» ብሎ ሲዞርብኝ ብሩን በግራ እጄ ዘረጋሁለት፤ በዚያችው ቅጽበት መሣሪያው ማጓራት ጀመረና እኔም እንደታዘዝሁት ቀጥ አልሁ። ረዳቱ ብሩን ይጎትታል፤ እኔ አልለቅም፣ አልናገርም፣ ዓይኑን ብቻ አየዋለሁ። «ወንድሜ፣ ልቀቀው እንጂ!» ቢለኝም ዝም። ከኋላዬ የተቀመጡ እናት፣ «ተወው ልጄ፣ አሞት ነው» ብለው አማለዱኝ። አየሩ ሲወጣ ብሩን ለቀቅሁና ቅጼ ላይ «149 በ91፣ ሒሳብ መክፈል» ብዬ ጻፍሁ።

ቤት ስደርስ እናቴ ቡና አፍልታ ጠበቀችኝ። አቦሉን በብልሃት አለፍሁት። ከጨው ጋር ግን መታገል አልተቻለም፤ በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ እንዳይበልጥ እንደሚመከር ባስረዳትም፣ ሽሮው ላይ የምትነሰንሰው የጣቷ ቁንጥር በየትኛውም ማንኪያ የሚለካ አይደለም። በእሷ እምነት ግፊቴን የሚያወጣው ከፍታው ነው። እኔም በሰማይ ላይ እንኳ የአውሮፕላኑ የውስጥ አየር ከ2,400 ሜትር ከፍታ እምብዛም እንደማያልፍ፣ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ግን ምድር ላይ ተቀምጦ 2,334 ሜትር እንደሆነ፣ ስለዚህ እሷም ዕድሜዋን በሙሉ እየበረረች እንደኖረች ልትቆጥረው እንደምትችል ተነተንሁላት። በጥሞና አዳመጠችኝና፣ «ታዲያ እኔስ ግፊት አለብኝ አይደል?» አለችኝ።

ስለ መሣሪያው ሌሊት ማጓራት ሳልነግራት መተኛቴ ግን ጥፋቴ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ20 ላይ እናቴ ለጸሎት ተነሥታ በበሬ ስታልፍ፣ ከጋቢዬ ሥር የሚያጓራ ድምፅ ትሰማለች። «በስመ አብ!» የሚል ድምፅ አባነነኝ። ክንዴ ተወጥሮ ነበርና እንደ ለመድሁት ዝም ብዬ ተጋደምሁ። «ልጄ!» አለች፤ ዝም። ስሜን ጠራች፤ አሁንም ዝም። ይህን ጊዜ በላስቲክ ጠርሙስ ያስቀመጠችውን ጠበል አምጥታ ፊቴ ላይ ትረጨው ጀመር። «ተናገር! ማን ነህ? የት ያዝኸው?» በዚያ ብርድ፣ ውሃው በአንገቴ ወደ ደረቴ እየወረደ፣ መሣሪያው እንዳይርስ በልቤ እየተማጸንሁ፣ ልኬቱ እንዳይበላሽ ብዬ ጥርሴን ነክሼ ቆየሁ። አሁን ሳስበው ከዚያ ልኬት ምን የሚተርፍ ነገር ነበር? በመጨረሻ አየሩ «ፊስስስ» ብሎ ከጨርቁ ሲወጣና እኔም ረጅም ትንፋሽ ተንፍሼ «እማዬ፣ በቃ!» ስል፣ ጠርሙሱን ይዛ ተንበረከከችና፣ «ወጣ! ተመስገን፣ ወጣ!» እያለች እልል አለች።

በማግሥቱ ሐኪሙ የልኬቱን መስመር በጣታቸው ተከትለው ሄደው አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። «ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ20፣ 184 በ108። ምን እየሠራህ ነበር?» ቅጹን አሳየኋቸው፤ «ጠበል» ይላል። መነጽራቸውን አውልቀው እስኪጠግቡ ሳቁ። የቀኑ አማካይ 131 በ82፣ የሌሊቱም ጠበሉ ተደምሮ 118 በ70 ሆነ። መድኃኒት አላስፈለገኝም፤ ጨው እንድቀንስ፣ በሚቀጥለው ምርመራ ደግሞ ሽንት ቤት ደርሼ፣ አምስት ደቂቃ በጸጥታ ተቀምጬ እንድለካ ብቻ ታዘዝሁ።

ለእናቴ ስልክ ደውዬ ያለ መድኃኒት እንዳለፍሁ ነገርኋት።

«መድኃኒቱ ምን ሊያደርግልህ?» አለችኝ። «ወጥቶ የለም እንዴ!»