ችግኝ በላስቲክ ቤት፣ በአዳማ ነፋስ

አዳማ ሞቃት ከተማ ናት፤ ታዲያ ላስቲክ ቤት ምን ያደርግልሻል? ይህን ጥያቄ ከጎረቤትም ከዘመድም ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ቤቱን የሠራሁት ሙቀት ፍለጋ አይደለም። ችግኙን ከነፋስ፣ ከክረምት ዝናብ፣ ከተባይ፣ እንዲሁም ከኅዳርና ከታኅሣሥ የሌሊት ብርድ ለመከለል ነው። ማሞቂያ የለውም፤ አያስፈልገውምም። እዚህ አገር ትልቁ ሥራ ቀን ቀን ሙቀቱን ማስወጣት ነው። ይህ የገባው ሰው ሌላው ሁሉ ይቀለዋል ብዬ አምናለሁ።

ነፋሱን አስቀድማለሁ፤ አዳማ ላይ ከእርሱ ጋር ሳይስማሙ ምንም ነገር ማቆም አይቻልም። 51 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው አዳማ ቁጥር 1 እና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው አዳማ ቁጥር 2 የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች እዚህ የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። በበጋ ነፋሱ የሚመጣው በአብዛኛው ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ ነው። ስለዚህ የቤቱን ጠባብ ፊት ወደዚያ አዞርኩት፤ ረጅሙ ጎን ነፋሱን ያሳልፈዋል እንጂ አይጋፈጠውም።

ስፋቱ 5 ሜትር፣ ርዝመቱ 8 ሜትር፣ መሐሉ ላይ ከፍታው 2 ሜትር ተኩል ነው። ቅስቶቹን ብየዳ ቤት አሳጠፍኳቸው። ባለሙያው «ዝቅ ብናደርገው እኮ ብረት ትቆጥቢያለሽ፣ እህቴ» ብሎኝ ነበር። ምክሩ ከቅን ልብ ነው፤ ከፍታው ላይ ግን አልተደራደርኩም። ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ ዝቅ ያለ ቤት ውስጥ ችግኙ በዚያው ሙቀት መካከል ይቆማል። ከሁለቱም በሮች በላይ የአየር መውጫ መስኮት አስወጥቻለሁ። ላስቲኩ የፀሐይ ጨረር መከላከያ ያለው፣ ውፍረቱም 200 ማይክሮን (0.2 ሚሊ ሜትር) ነው፤ ለግንባታ የሚሸጠው ተራ ላስቲክ በእኛ ፀሐይ ብዙ ሳይቆይ ይፈረፈራል። የጋለ ብረት ላስቲኩን ከሌላው ቦታ ቀድሞ ስለሚበላው ቅስቶቹ ላይ ነጭ ጨርቅ ጠመጠምኩባቸው። በየሁለት ቅስት መካከልም ከላይ ገመድ አሻግሬ ችካል ላይ አሰርኩ፤ ላስቲክን የሚቀድደው የነፋሱ ጉልበት ብቻ ሳይሆን ሲርገበገብ መዋሉ ነው።

በሁለቱ ጎኖች የታችኛው አንድ ሜትር በመረብ የተሸፈነ ሲሆን፣ ላስቲኩ በአጣና ላይ እየተጠቀለለ ወደ ላይ ይነሣል። ነፋስ ሲበረታ የምከፍተው ነፋሱ የማይመጣበትን ጎን ብቻ ነው። ነፋስ በአንድ በኩል ገብቶ መውጫ ካጣ ጣሪያውን ከሥሩ ያነሣዋል።

ቴርሞሜትሩን የሰቀልኩት በችግኙ ቁመት ልክ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው ቦታ ነው። ደጁ 28 ዲግሪ በሆነበት ጥርት ያለ ቀን፣ የተዘጋ ላስቲክ ቤት ከ40 ዲግሪ በላይ ለመውጣት እኩለ ቀን እንኳ አይጠብቅም። ቲማቲም ከ35 ዲግሪ በላይ ሲሆን የአበባው ዱቄት ይደክማል፤ አበባው ሳያፈራ ይረግፋል። የሰላጣ ዘር ደግሞ አፈሩ ከ30 ዲግሪ ካለፈ ጨርሶ ላይበቅል ይችላል፤ ዘሩ አልሞተም፤ ቅዝቃዜ እየጠበቀ ነው። ለዚህ ነው ሰላጣን ከላስቲክ ቤቱ አውጥቼ ዛፍ ጥላ ሥር የምዘራው። ጎኖቹን ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ እከፍታለሁ፤ በብርዱ ወራት ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ፣ አየሩ ገና ሞቅ እንዳለ፣ እዘጋለሁ። ከመጋቢት ጀምሮ ፀሐዩ ሲያይል ኖራ በውሃ በጥብጬ ጣሪያውን እቀባዋለሁ። ሰኔ ላይ ደመናው ሲመጣ ዝናቡ ራሱ ያጥብልኛል።

ሌሊቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ነጠላ ላስቲክ ሌሊት ያሞቃል ብሎ መታመን አይገባም፤ ሰማዩ ሲጠራ መሬቱ የያዘው ሙቀት በስሱ ላስቲክ አልፎ ይሄዳል፤ ነፋስ በሌለበት ሌሊትም ከደጁ የሚሻለው በጥቂት ዲግሪ ነው። የሚረዱኝ ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ውስጥ የቆሙት የውሃ በርሜሎች ቀን የጠጡትን ሙቀት ቀስ ብለው ይለቃሉ፤ በርበሬና ቲማቲም የተዘራባቸውን መደቦች ደግሞ በዝቅተኛ ቅስት ላይ ሁለተኛ ስስ ሽፋን አለብሳቸዋለሁ። በርበሬ አፈሩ ወደ 25 ዲግሪ ሲጠጋ ከ8 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይበቅላል፤ በቀዘቀዘ አፈር ውስጥ ግን ሳምንታት ያስቆጥራል።

ከብርዱ ይልቅ የሚያሳስበኝ እርጥበቱ ነው። ጠዋት ስገባ የላስቲኩ ውስጠኛ ገጽ በጠብታ ተሞልቶ አገኘዋለሁ። ላስቲኩ ተወጥሮ በታሰረበት በኩል ጠብታው ቅስቱን ተከትሎ መሬት ይወርዳል፤ በረገበበት በኩል ግን እየተጠራቀመ ችግኙ አናት ላይ ይንጠባጠባል። ወዲያው ካልተከፈተ ጣጣው የሚታየው ከሥር ነው፦ ትናንት ቀጥ ብላ የቆመች የቲማቲም ችግኝ አንገቷ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ውሃ ያዘለ ቡናማ መልክ ይዞ እንደ ክር ይቀጥናል፤ ቅጠሏ ገና አረንጓዴ እያለ ትወድቃለች። ይህን የሚያደርሱት በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ሻጋታና መሰል ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው፤ የሚመቻቸውም እርጥብ አፈር፣ የተጨናነቀ ዘርና የቆመ አየር ነው። ስለዚህ አራርቄ እዘራለሁ፤ ጠዋት ብቻ አጠጣለሁ፤ የላይኛው አፈር ጠፈፍ ሳይል ሌላ ውሃ አልጨምርም። በሚያዝያና በግንቦት መደቡን በደንብ አርሼና አጠጥቼ በጠራ ላስቲክ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት እሸፍነዋለሁ፤ የፀሐዩ ሙቀት የአፈሩን በሽታና የሥር ትሎችን በእጅጉ ይቀንሳል። ገንዘብ የማይጠይቅ፣ በአዳማ ፀሐይ ደግሞ የተዋጣለት ዘዴ ነው።

ለችግኝ የማዘጋጀው አፈር አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ደግሞ በወንፊት የተነፋ ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ነው። ጠጠሩ ውሃን ያሳልፋል፤ ለሥሩም አየር ይሰጣል። ዘር በተመለከተ እዚሁ አጠገባችን ያለው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸውን ዝርያዎች እመርጣለሁ፤ አዳማ ቀይ ሽንኩርትና መልካሾላ ቲማቲም ይህንን አየር ለምደውታል። የሽንኩርት ዘር በሙቀት ቶሎ ስለሚሞት ያለፈውን ዓመት ዘር አልዘራም።

በላስቲክ ቤት ያደገ ችግኝ ነፋስ ስለማያውቅ ቁመቱ ይመዘዛል፤ ግንዱ ይልፈሰፈሳል። በየጠዋቱ በለስላሳ ጨርቅ አናት አናቱን እዳብሰዋለሁ፤ ይህ ንክኪ ግንዱን ያሳጥረዋል፤ ያወፍረዋልም። ከተከላው በፊት ባለው አንድ ሳምንት ውሃውን ቀነስ አድርጌ ወደ ደጅ አወጣዋለሁ፤ መጀመሪያ ለጥቂት ሰዓታት፣ በኋላ ሌሊቱንም ጭምር።

በክረምት ቤቱ ሌላ አገልግሎት አለው። ደጅ ያለው ቲማቲም ቅጠሉ ለረጅም ሰዓት እርጥብ ስለሚሆን ዋግ ያጠቃዋል፤ ከጣሪያ ሥር ያለው ግን ደረቅ ቅጠል ይዞ ይዘልቃል። እ.ኤ.አ. በ2012 ኢትዮጵያ ውስጥ የታየውን፣ ቱታ አብሶሉታ የተባለውን ቲማቲም አጥፊ የእሳት እራትም መረቡ ይከለክልልኛል። ነጭ ዝንብን ለማገድ ግን እጅግ ጥቅጥቅ ያለ መረብ ያስፈልጋል፤ እርሱ አየር ስለሚያፍን የተጠቀምኩት ለችግኙ ክፍል ብቻ ነው። ንብ ስለማይገባም የዝኩኒን የአበባ ዱቄት በእጄ ከወንዱ አበባ ወደ ሴቷ አደርሳለሁ፤ ቲማቲሙን ደግሞ ረፋድ ላይ የታሰረበትን ሲባጎ መታ መታ ማድረግ ይበቃዋል።

አንድ ነገር የግድ መጨመር አለብኝ። ዝናብ የማይነካው አፈር ጨው ያጠራቅማል፤ በስምጥ ሸለቆ ውሃ ሲጠጣ ደግሞ ይብሳል። መደቡ ላይ ነጭ ቅርፊት ከታየ ማዳበሪያ መጨመር መፍትሔ አይሆንም፤ አፈሩ መታጠብ አለበት። በቤቱ ግርጌ ላስቲክ ያነጠፍኩበት ቦይ ከጣሪያው የሚወርደውን ውሃ ይቀበላል። ቤቱ ያረፈበት 40 ካሬ ሜትር 10 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ እስከ 400 ሊትር ይሰጣል፤ ሁለት ትልልቅ በርሜል ማለት ነው። በነሐሴ ባዶ የሆኑትን መደቦች በዚህ ውሃ ደጋግሜ አጥባለሁ፤ መስከረም ላይ የሽንኩርቱን ዘር የምዘራውም በእነዚሁ መደቦች ላይ ነው።