ልጄ የምትዘፍነው ዘፈንና መጨረሻው

ልጅ የተነገረውን ቶሎ ይረሳል፤ በዜማ የሰማው ግን ሳይታወቀው ልቡ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ቤተ ክርስቲያናችን ትምህርቷን በቅዱስ ያሬድ ዜማ ለትውልድ ስታስተላልፍ ኖራለች፤ እዚህ ደሴ ያሉ ሙስሊም ጎረቤቶቼም የሃይማኖታቸውን ምስጋና በመንዙማ ለልጆቻቸው ያወርሳሉ። ስለዚህ ሴት ልጄ ከስልክ ላይ ለቅማ በቃሏ የያዘችውን የፊልም ዘፈን መመርመር ግዴታዬ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዘፈኑ «ሌት ኢት ጎ» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ከወጣው «ፍሮዝን» ከተሰኘው የአኒሜሽን ፊልም የተወሰደ ሲሆን በተከታዩ ዓመት የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። በረዶ የመፍጠር ኃይል ይዛ የተወለደችው ኤልሳ ምሥጢሯ ሲገለጥባት ከሕዝቧ ሸሽታ ተራራ ላይ ብቻዋን ትዘፍነዋለች። ኤልሳ ካባዋን የምትጥልበት ቦታ ላይ ሲደርስ ልጄ ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፍፋ ወደ ኋላ ትወረውርና አገጯን ቀና ታደርጋለች። ጥቂት ቆይቶ የሚመጣው ስንኝ ለእርሷ ትክክልም ስሕተትም ሕግም እንደሌለ፣ ነፃ እንደወጣችም ይናገራል። መጽሐፈ መሳፍንት ንጉሥ ያልነበረበትን ያን የመከራ ዘመን የሚዘጋው «ሰው ሁሉ በፊቱ መልካም መስሎ የታየውን ያደርግ ነበር» ብሎ ነው።

ሆኖም ዘፈኑን በጭፍን ማውገዝ አልፈልግም፤ ከስንኙ በስተጀርባ እውነተኛ ሕመም አለና። ኤልሳ ያደገችው እጇ በጓንት ተሸፍኖ፣ በር ተዘግቶባት፣ የሚሰማትን ሁሉ እንድትሸሽግ እየተነገራት ነው። እኛ ወሎዬዎችም ገመናን መሸፈን ጨዋነት ነው ብለን ያደግን ሰዎች ነን፤ ልጅ ሲያለቅስ «ዝም በል፣ ሰው ይሰማል» እንለዋለን። እንዲህ ታፍኖ የኖረ ልብ አንድ ቀን ሁሉንም ጥሎ መሄድ ቢያምረው አይደንቀኝም። ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ሕመም ንስሐን ሰጥታለች፤ ሰው የደበቀውን በንስሐ አባቱ ፊት ገልጦ፣ ሸክሙ ቀልሎለት፣ ወደ ወገኖቹ ይመለሳል።

የሚቆጨኝ ፊልሙ ራሱ ዘፈኑን የሚያርመው ሆኖ ሳለ እርማቱ አለመሰማቱ ነው። ኤልሳ ነፃ ወጣሁ ስትል ከተራራው በታች አገሯ በበረዶ ተይዟል። በረዶው የሚቀልጠው ታናሽ እኅቷ አና ስለ እርሷ ብላ ራሷን ለሞት ከሰጠች በኋላ፣ በፍቅር ነው። ክርስቲያን ይህን ሲያይ የሚያውቀውን ነገር ያያል። ልጆች ግን ዘፈኑን ብቻ ይዘው ይወጣሉ።

የፊልሙ መነሻ የዴንማርኩ ደራሲ ሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1844 ያሳተመው «የበረዶ ንግሥት» ነው። እዚያ ጌርዳ የተባለች ልጅ ንግሥቲቱ የወሰደችባትን ጓደኛዋን ፍለጋ ስትሄድ በብርዱ መካከል አቡነ ዘበሰማያት ትደግማለች። የቀዘቀዘ ልቡ በእንባዋ ይሟሟል፤ ስለ ጽጌረዳና ስለ ሕፃኑ ኢየሱስ የሚናገረውን መዝሙር ስትዘምርለትም እርሱ ራሱ ያለቅሳል። በመጨረሻም አያት «እንደ ሕፃናት ካልሆናችሁ» የሚለውን የጌታን ቃል ታነባለች። ይህን ያህል ጸሎትና መዝሙር ከታሪኩ መውጣቱ ያሳዝነኛል።

እ.ኤ.አ. በ1940 የወጣው የ«ፒኖኪዮ» አኒሜሽን ፊልም ዘፈን ደግሞ ለኮከብ የተነገረ ምኞት እንደሚፈጸም ይናገራል። ሰብአ ሰገልን የመራው ኮከብ የማንንም ምኞት አልፈጸመም፤ ሕፃኑ ካለበት አደረሳቸው እንጂ።

በገና ዕለት ላሊበላ፣ ቤተ ማርያም፣ ካህናቱ ከፊሉ ከላይ በዓለቱ ጠርዝ፣ ከፊሉ ከታች በቅጥሩ ሆነው «ቤዛ ኵሉ»ን ይቀባበላሉ። ያንን ዝማሬ ማንም ብቻውን ሊዘልቀው አይችልም፤ የላዮቹ ሲያወርዱ የታቾቹ ይመልሳሉ። ልጄ ዝማሬ እንዲህም እንደሆነ በዓይኗ እንድታይ እፈልጋለሁ።

ዘፈኑን አልከለክላትም። ትናንት ፊልሙን እስከ መጨረሻው አብረን አይተን ኤልሳ ለምን እንደሸሸች ስጠይቃት «ማንም እንዳይቆጣት ነዋ፣ እማዬ» አለችኝ። «አናስ ለምን ተከተለቻት?» አልኳት። ጥቂት አሰበችና «እኅቷ እኮ ናት» አለች። እግዚአብሔር ቢፈቅድ ለመጪው ገና ላሊበላ ይዣት እሄዳለሁ፤ እስከዚያው የጌርዳን ታሪክ ማታ ማታ እየከፋፈልኩ እተርክላታለሁ።