የእግር ጉዞ መሪ ልትሆኑ ነው? መጀመሪያ ቀበሌ ሂዱ

እሁድ እሁድ ከአዲስ አበባ ሰው ሰብስቤ ገጠር ለገጠር በእግር አዞራለሁ። ደመወዝ የለውም፤ ምስጋናም አንዳንዴ ነው። እንጦጦ ላይ ከጥቂት ጓደኞች ጋር ጀምረን ወንጪና ዝቋላ ደርሰናል።

ቀላል ቀላሉን ላስቀድም። ሚኒባሱን ቀድማችሁ ተዋዋሉ፤ ሾፌሩ ቆሞ የሚጠብቅበትም ሒሳብ ይካተት። መንገዱን አስቀድማችሁ በእግራችሁ ሂዱበት። ከሁሉም ኋላ የሚሄድ አንድ ትዕግሥተኛ ሰው መድቡ። ወንጪ አፋፉ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ወደ ሐይቁ እየሳቀ የወረደ ሁሉ ሲመለስ ትንፋሹ ይቆረጣል፣ ስለዚህ ለዳገቱ ሰፊ ጊዜ ተዉለት። በጾም ወቅት ቅዳሴ ሳይወጣ እህል የማይቀምስ ሰው አይጠፋም፤ ስለማይነግራችሁ ጠይቁት። ዝቋላን ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 አትሞክሩት፤ ንግሥ ነው፣ በዚያ ሕዝብ መሀል ሰዎቻችሁን አታገኟቸውም።

አሁን ወደ ፈቃድ ደብዳቤው።

ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ጫካ ለማለፍ አሰብንና በደንቡ መሠረት ልሂድ ብዬ ወረዳ ገባሁ። «የድርጅታችሁ ደብዳቤ የታለ?» ድርጅት የለንም፤ በእግር የምንሄድ ሰዎች ነን። «ታዲያ ማን ላካችሁ?» ማንም አልኩ። ባለሙያው ከዚህ በኋላ ዓይኑን አልነቀለብኝም። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ተመለስ። በነጋታው ኃላፊው አሉ፤ ማኅተሙ የተቆለፈበት መሳቢያ ቁልፍ ግን የለም። ከስንት ምልልስ በኋላ ሦስት መስመር ጽሑፍ፣ ከሥሩ ክብ ማኅተም።

እሁድ ጠዋት ጫካው አፍ ላይ ሁለት ሚሊሻዎች አስቆሙን። አንደኛው ወረቀቱን በጣቱ እየተከተለ አነበበና ግርጌው ላይ ሲደርስ ቆመ። «ግልባጭ ለቀበሌው አይልም።» ወረዳ ደወልኩ፤ እሁድ ማን ያነሳል! ሰዎቼ ሣሩ ላይ ተቀመጡ፣ ቆሎው ገና ሳንነሳ አለቀ፣ ፀሐይዋ ከረረች። አንዲት በዕድሜ ጠና ያሉ ተጓዥ «ልጄ፣ ቅዳሴ የቀረሁት ለዚህ ነው?» አሉኝ። አልገባንም። በአስፋልቱ ዳር፣ የሲኖትራክ አቧራ እየጠጣን ትንሽ ተንከራተትንና ተመለስን።

ሚሊሻው ላይ አልፈርድም፤ የታዘዘውን ነው ያደረገው። የሚያናድደኝ ያን ሁሉ ቀን ሲያመላልሰኝ ከርሞ «ለቀበሌውም ግልባጭ ያስፈልጋል» ለማለት አፉን ያልከፈተው ባለሙያ ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ ያለ ደብዳቤ በገበያ ቀን ሄድኩና የቀበሌውን ሊቀመንበር ሻይ ቤት አገኘኋቸው። ስንት እንደምንሆን፣ የት እንደምናልፍ፣ ስንት ሰዓት እንደምንወጣ ነገርኳቸው። የአካባቢውን ልጅ መንገድ መሪ አድርገን እንድንቀጥር ጠየቁ፤ ተስማማን። እሁድ ያው ሚሊሻ መሣሪያውን አንግቶ እስከ ጫፍ አብሮን ወጣ፤ ፎቶም አብሮን ተነሣ።

መመሪያው ከላይ ወደ ታች ነው። እኔ ከታች ጀምሩ እላለሁ፤ የወረዳውን ወረቀት ጊዜ ካላችሁ ጨምሩበት። የልጁን ሒሳብ ሰው እያየ በእጁ ስጡት። ሊቀመንበሩ «በዚህ ሳምንት ባትመጡ ይሻላል» ካሉ ደግሞ ለምን ብላችሁ አትድረቁ፣ ሰርዙ። ለሚኒባሱ የከፈላችሁትን ቀብድ ግን እርሱት፤ የሚመልስ ሾፌር እስካሁን አላጋጠመኝም።