የአያቴ ቤት የመብራት መስመር፦ ሦስተኛ ሳምንት

ሰላም ጓደኞች። ደሴ ያለውን የአያቴን ቤት የመብራት መስመር ማጥናቴን ቀጥያለሁ። እስካሁን አንድም ሽቦ አልቀየርኩም። የቱ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ ሳላውቅ ካቻቢቴ አላነሳም ብዬ ወረቀት ላይ እየሳልኩ ነው።

ቤቱ የድሮ ጭቃ ቤት ነው። በጨርቅ የተሸፈኑ ሁለት ሽቦዎች እንደ ሹሩባ ተገምደው፣ ነጫጭ የሸክላ መያዣዎች ላይ ተወጥረው ኮርኒሱን ተከትለው ይሄዳሉ። ኧርዝ የሚባል፣ የሾለከ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ የለም። ዋናውን ማጥፊያ አጥፍቼ፣ በቴስተርም (ኤሌክትሪክ ያለበትን ሽቦ ሲነካ በሚበራው መፈተሻ) አረጋግጬ የሳሎኑን ስካቶላ፣ ሽቦዎች የሚገናኙበትን ሳጥን ማለት ነው፣ ከፈትኩ። ሽቦውን ገና ነካ ሳደርገው ከጨርቁ ስር ያለው ጎማ እንደ ድርቆሽ ተፈረፈረ።

ትልቁን ነገር የተማርኩት ግን ጓዳ ውስጥ ነው። አምፖሉ አልበራ አለ፣ ቀየርኩት፣ ያው ነው። ማብሪያው እንደበራ ቴስተር ሳስገባ አንዱ ሽቦ ላይ በራ፣ ሌላኛውም ላይ በራ። ፌዝ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን ይዞ የሚመጣው ሽቦ፣ አንድ ብቻ መሆን ነበረበት፤ ሁለት ፌዝ ከየት መጣ? ግራ ቢገባኝ በዚህ ሥራ ያረጁ ጎረቤታችንን ጠየቅኳቸው። "እስቲ ፊውዞቹን እያቸው" አሉኝ።

ሁለት ናቸው፤ አንዱ በፌዙ፣ አንዱ በኒውትራሉ ማለትም በመመለሻው ሽቦ። የተቃጠለው የኒውትራሉ ነው። መመለሻው ስለተቆረጠ አምፖሉ አይበራም፤ ፌዙ ግን በአምፖሉ ክር አልፎ እስከተቆረጠው ቦታ ድረስ 220 ቮልቱን ይዞ ቁጭ ብሏል። "ጠፍቷል ብለህ ብትነካው ይይዝህ ነበር ልጄ" ሲሉኝ እጄ ቀዘቀዘ። ለካ አምፖል አለመብራቱ ምንም ማስረጃ አይደለም!

ታዲያ ለምን ኒውትራሉ ቀድሞ ተቃጠለ? የፌዙን ፊውዝ ፈትቼ ሳየው በቀጭኑ የፊውዝ ሽቦ ፋንታ ወፍራም መዳብ ተጠምጥሞበታል። አክስቴ ደግሞ በጓዳው ሶኬት ላይ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሰክታ ነበር። 3,500 ዋት ለ220 ሲካፈል ወደ 16 አምፔር ነው፣ ያ ሁሉ ለመብራት ተብሎ በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ! ደካማው ፊውዝ ባይበጠስ ኖሮ ሽቦው ራሱ ግሎ ኮርኒሱን ሊያቃጥል ይችል ነበር።

የጓዳውን መስመር ከነጭራሹ ዘግቼዋለሁ። ለምጣዱ ከቆጣሪው ጀምሮ የራሱ ወፍራም መስመር፣ ጭነት ሲበዛ በራሱ የሚያጠፋ ብሬከርና ኧርዝ ያስፈልገዋል፤ ያንን ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይሠራዋል፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ እማራለሁ። እስከዚያ አክስቴ እንጀራዋን በእንጨት ትጋግራለች።