ሰሌክትን ለአማርኛ

ዴቭተርሜ (ኪቦርድና ስክሪን አብሮት ያለ ትንሽ ተንቀሳቃሽ ኮምፒውተር) ላይ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ለመቀየር ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ መጫን ሰለቸኝ። ከስክሪኑ ስር ደግሞ ለጌም ተብላ የተቀመጠች፣ ነክቻት የማላውቅ ሰሌክት የምትባል ቁልፍ አለች። ለምን ለአማርኛ አልሰጣትም?

የኪቦርዱ ኮድ ክፍት ነው፤ ለትንንሽ ቺፖች ኮድ በሚጻፍበት በአርዱዊኖ የተጻፈ። ሰሌክት ኤፍ 13 (ከኤፍ 12 ቀጥላ የምትመጣ፣ ብዙ ኪቦርድ ላይ የሌለች ቁልፍ) እንድትልክ አንድ መስመር ቀየርኩ። ኤፍ 13ን ብዙ ሰው ስለማይጠቀምባት ሊኑክሱ ላይ የቋንቋ መቀያየሪያ አደረግኳት። ቀላሉ ይሄ ነበር።

ከባዱ መጫኑ ነው። ኪቦርዱ የራሱ ትንሽ ቺፕ አለው፤ ኤስቲኤም 32። ከዋናው ኮምፒውተር ጋር የሚያወራው ውስጥ ለውስጥ በዩኤስቢ ነው። ሊኑክስ ላይ እንደ ሲሪያል ፖርትም (ዳታ መላላኪያ በር) ይታያል፤ ቲቲዋይ ኤሲኤም ዜሮ ተብሎ። የመጫኛው ስክሪፕት በዚያ ፖርት በኩል 1ኢኤኤፍ ብሎ ይልካል። ቺፑ ይህን ሲሰማ ጠፍቶ ይነሳና አዲሱን ኮድ ይጠብቃል። (ቁጥር 1ን እንደ ኤል ካነበባችኋት በእንግሊዝኛ "ቅጠል" ማለት ነው። ቡትሎደሩ፣ ማለትም ቺፑ ላይ አዲስ ኮድ የሚቀበለው ትንሽ ፕሮግራም፣ ሜፕል ይባላል፤ የዛፍ ስም። መሐንዲስም ይቀልዳል።)

ችግሩ፣ በዚያች ሰዓት ኪቦርድ የሚባል ነገር የለም። ትራክቦሉም (እንደ ማውስ የምታገለግለው ኳስ) እዚያው ቺፕ ላይ ስላለ አብሮ ይሞታል። ስለዚህ ከላፕቶፔ በዋይፋይ፣ በኤስኤስኤች (ኮምፒውተርን ከሌላ ኮምፒውተር ሆኖ ማዘዣ) ዴቭተርሙ ውስጥ ገባሁ። ኢንተር መታሁ። ፐርሰንቱ መቁጠር ጀመረ።

መብራት ሄደ።

ሁለቱም ማሽኖች ባትሪ አላቸው፤ ራውተሩ ግን የለውም። ላፕቶፑ ላይ ቁጥሩ 40 ላይ ቀጥ አለ። ዴቭተርሙን ብነካካው ዝም። በቃ፣ ገደልኩት አልኩ። ቡትሎደሩ ለብቻው ስለሚቀመጥ ቺፑ ጨርሶ እንደማይሞት አውቃለሁ፤ ግን ያኔ ማን ያስባል!

ታች ፎቶ ኮፒ ቤት ወርጄ የዩኤስቢ ኪቦርድ ለመንኩ። ልጁ ያለ መብራት ሥራ የለውምና "ውሰደው" አለኝ። ኤ፣ ኤስ እና ዲ ላይ ያለው ጽሑፍ ተፍቋል። ሦስት ፎቅ ወጥቼ ልሰካው ዴቭተርሙን ሳነሳ አውራ ጣቴ ሰሌክትን ነካት። ጥግ ላይ ያለችው የቋንቋ ምልክት ተቀየረች።

ለካ ስክሪፕቱ የሚሮጠው እዚያው ዴቭተርሙ ላይ ነው። የተቋረጠው የእኔ ማያ ብቻ ነበር፤ እሱ በባትሪው ሥራውን ጨርሷል። ስነካካው ዝም ያለኝ ገና እየጫነ ስለነበር ነው።

ኪቦርዱን ስመልስ ልጁ "ሠራልህ?" አለኝ። "አልሰካሁትም" አልኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝ።