ኢጂኤፍ ከመጨመር በፊት ሪሴፕተሩን መቁጠር

ሂላ በተባለው የካንሰር ሴል ላይ ያማረ የኢጂኤፍ (ሴል እንዲያድግ ምልክት የሚሰጥ ፕሮቲን) የመጠንና ምላሽ ከርቭ፣ ኤ431 በተባለው ሌላ የካንሰር ሴል ላይ ሲደገም ወደ ቀኝ ይሸሻል፤ ማለትም ለተመሳሳይ ምላሽ ብዙ መጠን ይጠይቃል። በሚሊ ሊትር 1 ናኖግራም ሲሆን የሪሴፕተሩ (ኢጂኤፍ የሚይዘው የሴል ገጽ ተቀባይ) ፎስፎ ባንድ፣ ማለትም ሪሴፕተሩ መነቃቃቱን የሚያሳየው የዌስተርን ብሎት መስመር፣ እዚህ ግባ የማይባል፣ በ100 ናኖግራም ደግሞ ፊልሙን የሚያጠቁር። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው የኢጂኤፉን ቫያል (ብልቃጥ) ነው፤ አዲስ ይታዘዛል፣ ከርቩ ግን ንቅንቅ አይልም። ሰሞኑን ምክንያቱ ስለለየለት፣ ሴል ካልቸር ላይ ለምትሠሩ አሠራሩን ላካፍል።

መነሻው የታወቀ ነው። ሴሎቹ ፕሌቱን ከ60 እስከ 70 በመቶ ሲሸፍኑ ሰረም (የእድገት ምልክቶች ያሉበት የደም ፈሳሽ) በሌለው፣ 0.1 በመቶ ቢኤስኤ (የከብት ደም አልቡሚን) ባለው ሚዲያ ማሳደር፤ በማግሥቱ ኢጂኤፍ ጨምሮ በ0፣ 2፣ 5፣ 15፣ 30 እና 60 ደቂቃ በረዶ ላይ ማቆም። ቢኤስኤውን አትዝለሉት፣ የቀጠነ ኢጂኤፍ ቱቦው ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ፎስፎ ምልክቱ እንዳይጠፋ የሚጨመረው ቫናዴትም ፒኤች 10 ላይ ቀለሙ እስኪጠፋ ካልፈላ ፎስፋቴዞቹን (ምልክቱን የሚነቅሉትን ኢንዛይሞች) እንደሚገባ አይገታም።

ዋናው ጣጣ ያለው ስሌቱ ላይ ነው። ኢጂኤፍ 53 አሚኖ አሲድ፣ 6 ኪሎዳልተን ገደማ የሆነች ትንሽ ፕሮቲን ናት፤ 1 ናኖግራም ማለት ወደ 100 ቢሊዮን ሞሌኪውል ነው። ኤ431 በአንድ ሴል ከ1 እስከ 3 ሚሊዮን ሪሴፕተር ይሸከማል፤ 2 ሚሊዮን እንያዝ። አንድ ዌል (የፕሌቱ አንድ ጉድጓድ) ውስጥ 1 ሚሊዮን ሴል ካለ 2 ትሪሊዮን ሪሴፕተር ሆነ። 1 ሚሊ ሊትር ሚዲያ ላይ 1 ናኖግራም ሲጨመር ለአንዲት ኢጂኤፍ 20 ሪሴፕተር ይሻማል። በሴል 50 ሺህ ሪሴፕተር ያለው ሴል በዚያው ዌል ቢቀመጥ ግን ኢጂኤፉ ከሪሴፕተሩ እጥፍ ይሆናል። ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ሁለቱም «1 ናኖግራም በሚሊ ሊትር» ተብለው ይጻፋሉ፤ ለአንድ ሪሴፕተር የደረሰው ድርሻ ግን በ40 እጥፍ ይለያያል።

ማጣራቱ ከባድ አይደለም። ኮንሰንትሬሽኑን ሳትነኩ ሚዲያውን ከ1 ወደ 3 ሚሊ ሊትር አሳድጉ። በሪሴፕተሩ ታይሮሲን 1068 (ከአሚኖ አሲዶቹ አንዱ) ላይ ያለው ፎስፎ ባንድ ከደመቀ፣ ቀድሞ ኢጂኤፉ እያለቀ ነበር ማለት ነው። ሌላው መንገድ ያገለገለውን ሚዲያ አንስቶ በሰረም እጦት ያደረ ሂላ ላይ ማድረግና ፎስፎ-ኢአርኬ (ከሪሴፕተሩ ቀጥሎ ምልክቱን የሚያስተላልፈው ፕሮቲን የነቃው መልክ) መነሣቱን ማየት ነው፤ ካልተነሣ ኢጂኤፉ አልቋል። ኤ431 ራሱም የሪሴፕተሩን ሊጋንድ (እንደ ኢጂኤፍ ሪሴፕተሩ ላይ የሚቀመጥ ሞሌኪውል) ስለሚያመነጭ፣ ኢጂኤፍ ካልተጨመረበት ዌል የተነሣ ሚዲያ ጎን ለጎን ካልተፈተነ ውጤቱ አይታመንም። መፍትሔው ሴሉን መቀነስ ወይም ሚዲያውን ማብዛት ነው፤ የኢጂኤፉን ኮንሰንትሬሽን ማብዛት አይደለም። እዚህ ላይ ኢአርኬን ብቻ ማየት ያታልላል። ከሪሴፕተሩ ጥቂቱ ሲያዝ እሱ ጣሪያው ይደርሳል፣ ልዩነቱም ይሰወራል።

100 ናኖግራም ልማድ መሆኑ ቢቀር ደስ ይለኛል። በ1 እና 2 ናኖግራም ሪሴፕተሩ በዋናነት በክላትሪን (የሴሉን ገጽ ወደ ውስጥ የሚያጎብጥ ፕሮቲን) በኩል ገብቶ ብዙው ወደ ገጽ ይመለሳል። መጠኑ ከ20 ናኖግራም ሲያልፍ ሲቢኤል በተባለ ኢንዛይም ዩቢኪቲን (የማፍረሻ መለያ ፕሮቲን) የሚለጠፍበት ይበዛል፣ ክላትሪን የማይፈልግ መግቢያም ይከፈታል፣ ብዙው ሊሶዞም (የሴሉ ማፍረሻ ከረጢት) ገብቶ ይፈርሳል። ከዚያ በኋላ ሁለተኛ ዙር ኢጂኤፍ ጨምሮ «ምላሽ የለም» ማለት ዋጋ የለውም፤ ተቀባዩ ገጽ ላይ የለማ! አዲስ ተሠርቶ እስኪተካ ሰዓታት ይፈልጋል።

ገጽ ላይ ያለውን ለመለካት ዌስተርን ብሎት አይበቃም፤ 170 ኪሎዳልተን አካባቢ የሚታየው ባንድ ውስጥ የገባውንም ይጨምራል። ፍሎው ሳይቶሜትሪ (በሚያበራ አንቲቦዲ የተለጠፉ ሴሎችን አንድ በአንድ የሚለካ ዘዴ) ይሻላል፣ ግን ሴሎቹን በትሪፕሲን (ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም) ካነሣችሁ ልትቆጥሩ የመጣችሁትን ራሱን ልትቆርጡት ትችላላችሁ። 5 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ (ካልሲየም የሚይዝ ኬሚካል) ያለው ፒቢኤስ (የጨው መፍትሔ) ጊዜ ቢወስድም ሪሴፕተሩን አይነካም። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር በረዶ ላይ፣ ምክንያቱም በ37 ዲግሪ ሪሴፕተሩ እያያችሁት ይገባል። የብርሃን መጠኑን ወደ ሪሴፕተር ቁጥር ለመቀየር የማስተካከያ ቢድ (ልኩ የታወቀ ጥቃቅን ኳስ) በዚያው ቀን፣ በዚያው የማሽን ሴቲንግ መሮጥ አለበት።

አንቲቦዲው ላይም ወጥመድ አለ። 528 እና 225 የተባሉት ክሎኖች (የአንቲቦዲ ዓይነቶች) ከኢጂኤፍ ጋር ቦታ ይሻማሉ። ኢጂኤፍ ተቀምጦበት ገና ገጽ ላይ ያለ ሪሴፕተር በእነሱ አይታይም፣ ገብቶ ያለቀ ይመስላል። ወይ የማይሻማ ክሎን መምረጥ፣ ወይ ሴሎቹን ከማንሣት በፊት በ0.2 ሞላር አሴቲክ አሲድና 0.5 ሞላር ሶዲየም ክሎራይድ፣ ፒኤች 2.8 አካባቢ፣ በረዶ ላይ ለ5 ደቂቃ አጥቦ ኢጂኤፉን ማላቀቅ። ኢጂኤፍ ያልነካው ዌልም አብሮ ይታጠብ፤ አሲዱ ራሱ አንቲቦዲው የሚይዝበትን ቦታ ጎድቶት እንደሆነ የሚታወቀው በዚህ ብቻ ነው።

የእድገት ሙከራ ለምታቅዱ ደግሞ፦ ኤ431 በፒኮሞላር (የናኖሞላር አንድ ሺህኛ) ደረጃ ባለ ኢጂኤፍ ይራባል፣ ናኖሞላር ሲደርስ ግን እድገቱ ይገታል፤ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የታወቀ ነው። በሚሊ ሊትር 100 ናኖግራም ወደ 16 ናኖሞላር ስለሆነ፣ ከሦስት ቀን በኋላ የሴሉ ቁጥር ከኮንትሮሉ ያነሰ ቢሆን ቫያሉን አትጣሉት፤ ከ10 ፒኮሞላር ጀምራችሁ ወደ ላይ ውጡ።